ዓመት ከዓመት የሚመለሰው ጄራኒየም፦ አመራረጡ፣ አተካከሉና እንክብካቤው

መጀመሪያ የገዛሁት ጄራኒየም፣ ጄራኒየም አልነበረም። መለያው ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። መሬት ላይ ተከልኩት፤ አበበ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ሌሊት ውርጭ ጣለ። ጠዋት ስነካው ቅጠሉ የተቀቀለ ያህል ልፍስፍስ ብሏል፣ ግንዱም ጠቁሯል። ውርጭ አይበግረውም የተባለ ተክል እንዴት በአንድ ሌሊት ይሞታል? ነገሩን በደንብ መከታተል የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

መልሱ ስሙ ላይ ነበር። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ተክሎች አሉ። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱንም «ጄራኒየም» ብሎ አንድ ላይ መደባቸው። በ1789 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ሉዊ ሌሪቲየ በረንዳ ላይ የምናውቀውን ለይቶ «ፔላርጎኒየም» አለው። በሳይንሱ ከተለያዩ ከ230 ዓመት በላይ ሆናቸው። ገበያ ላይ ግን ዛሬም አልተለያዩም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እኩል ከሆኑና ዙሪያውን አንድ ዓይነት ከሆኑ እውነተኛው ጄራኒየም ነው። የላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስቱ በመጠን ወይም በቀለም ከተለዩ ፔላርጎኒየም ነው። አበባ ባይኖረው እንኳ ግንዱ ይናገራል። የፔላርጎኒየም ግንድ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው። የጄራኒየም ግንድ ቀጭን ነው፤ ቅጠሉም ብዙውን ጊዜ እንደ እጅ ጣት የተሰነጣጠቀ ነው።

ስሙ የመጣው ከግሪክ ነው። «ጄራኖስ» ማለት ክሬን የሚባለው እግረ ረጅም ወፍ ነው። አበባው ሲረግፍ ፍሬው እየሾለ ሄዶ የዚያን ወፍ ምንቃር ይመስላል። ፔላርጎኒየምም ስሙን ያገኘው ከሽመላ ነው። ይህች ምንቃር ለጌጥ ብቻ አይደለችም። ስትደርቅ አምስት ቦታ ትሰነጠቅና እያንዳንዱ ስንጥቅ እንደ ወንጭፍ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ዘሩንም አርቆ ይወረውራል። ፀጥ ባለ ሞቃት ከሰዓት አጠገቡ ከተቀመጣችሁ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ይህ ተክል ከእናንተ በእውነት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለቦታችሁ የሚስማማ ዓይነት ነው። ሁለተኛው አብቦ ሲጨርስ የማያመነታ መቀስ ነው። ውሃውም፣ ማዳበሪያውም፣ መከፋፈሉም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ በፎቶ ያማረውን ይገዛል፣ ማዳበሪያ ያበዛበታል፣ መቀሱን ግን ይፈራል።

ቦታውን ሳታዩ ዓይነቱን አትምረጡ

የጄራኒየም ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ከተራራ ድንጋይ መሃል የመጣ ነው፣ ሌላው ከጫካ ጥላ፣ ሌላው ከእርጥብ ሜዳ። «ጄራኒየም ፀሐይ ይወዳል ወይስ ጥላ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለዚህ ነው አንድ መልስ የማይኖረው። የትኛው ጄራኒየም?

ለሁለት ቀን ያህል ግቢያችሁን ተመልከቱ። ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ ልብ በሉ። ከዝናብ በኋላ ውሃ የት እንደሚተኛም እዩ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው።

ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ ደረቅ ጥላ ብዙ አትክልተኛን ያስመርራል። ዛፉ ፀሐዩንም ውሃውንም ይወስዳል፤ ሣር እንኳ እምቢ ይላል። እዚያ ቦታ ላይ እኔ የምተማመነው ጄራኒየም ማክሮራይዘም ላይ ነው። ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ወፍራም ግንዱ በአፈሩ ገጽ ላይ እየተሳበ ይሰፋል፤ ቅጠሉም መሬቱን ስለሚሸፍን ለአረም ክፍተት አይተውም። ቅጠሉን ስታሹት ጠንከር ያለ ደስ የሚል ሽታ አለው። ቡልጋሪያዎች «ዝድራቬጽ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው «ጤና» ከሚለው ቃላቸው ነው። ለዚሁ ቦታ ጄራኒየም ፌየምም ይሆናል። አበባው ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ በመሆኑ በእንግሊዝ «ሐዘንተኛዋ መበለት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ጥላው በጣም ከበረታ ደግሞ ጄራኒየም ኖዶሰም አለላችሁ። አበባው ጥቂት ነው፤ ግን ሌላው በማይኖርበት ይኖራል።

ቦታችሁ ፀሐያማና ደረቅ ከሆነ ጄራኒየም ሳንግዊኒየም ይሻላል። አጭር ነው፣ ክብ ጉብታ ይሠራል፣ አበባው ደማቅ ሮዝ ነው፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ቅጠሉ ቀይ ይሆናል። በድርቅ አይደነግጥም። ድንጋያማ ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ ካላችሁ ትንንሾቹን ረናርዲንና ሲኔሬየምን ሞክሩ። እነዚህ ሁለቱ ግን እርጥብ እግር ፈጽሞ አይወዱም። ቅዝቃዜ ሳይሆን ውሃ ነው የሚገድላቸው።

አፈሩ እርጥበት የሚይዝ ከሆነ ፕራቴንሴ፣ ሲልቫቲከም እና የሰሜን አሜሪካው ማኩላተም ደስ ይላቸዋል። ሲልቫቲከም ታሪክም አለው። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል በ1787 የዚህን አበባ ቅጠል ሥር ሲመረምር ጥቃቅን ፀጉሮች አየ። ፀጉሮቹ የአበባውን ማር ከዝናብ ለመጠበቅ የተሠሩ መሆናቸው ታየው። አበባና ነፍሳት እንዴት እንደሚተጋገዙ የሠራው ትልቅ ጥናት የተጀመረው ከዚያች ትንሽ ፀጉር ነው። ንቦች ዛሬም ይህን ተክል በጣም ይወዱታል፤ አበባ ላይ እያለ የሚረጭ መድኃኒት አትጠጉበት።

ትልቅና ደማቅ ነገር ከፈለጋችሁ ሲሎስቴሞን አለ። እስከ 1.2 ሜትር ይቆማል፤ ደማቅ ማጀንታ አበባው መሃሉ ጥቁር ዓይን አለው። ንፋስ ስለሚጥለው ገና ሲያድግ በቀጫጭን ጭራሮ ደግፉት።

አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝስ? ሮዛን የተባለውን እላለሁ። እንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ ሮዛንና ዶናልድ ዋተረር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1989 በግቢያቸው ያገኙት ድቅል ነው። በ2000 ለገበያ ቀረበ። በ2013 የቼልሲ የአበባ ትርኢት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር የክፍለ ዘመኑ ተክል ተብሎ ተመረጠ። ሰማያዊ ነው፣ መሃሉ ነጭ ነው። ዘር ስለማይቋጥር ጉልበቱን ሁሉ አበባ ላይ ያውለዋል፤ ሙቀቱ ሲገባ ጀምሮ ውርጭ እስኪጥል ለወራት ያብባል። ግን ቦታ ስጡት፤ አንዱ ተክል ወደ ጎን እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስሙ ጄራኒየም የሆነ ሁሉ ውርጭ ይችላል ማለት አይደለም። ከማዴይራ ደሴት የመጣው ማዴሬንሴ በጣም ያምራል፤ ብርድ ግን አይችልም፣ አንዴ በደንብ ካበበ በኋላም ይሞታል። ማክሮራይዘምና ሳንግዊኒየም ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ቢደርስም ከሥራቸው ተመልሰው ይበቅላሉ። ሙቀቱ የሚበረታበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝበትን ጥግ ምረጡ።

አፈሩን ማዘጋጀት

ጄራኒየም በአፈር ጉዳይ ብዙ አያስቸግርም። ትንሽ ኮምጣጣ ቢሆን፣ ገለልተኛ ቢሆን፣ ትንሽ ኖራማ ቢሆን ይስማማዋል። የማይስማማው ውሃ የሚቋጥር አፈር ነው።

ውሃው ይሰርግ እንደሆነ ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቁፈሩና ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወረደ ጥሩ ነው። በማግስቱም እዚያው ቆሞ ካገኛችሁት መደቡን በ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ወይም ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለጭቃማ አፈር ትንሽ አሸዋ ጣል ማድረግ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱትና ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት።

ከመትከላችሁ በፊት አረሙን ከነሥሩ ንቀሉ። በተለይ ሥሩ በመሬት ውስጥ የሚሄደውን የሣር ዓይነት። በኋላ ከጄራኒየሙ ሥር ጋር ከተጠላለፈ ሁለቱን ሳትነቅሉ አንዱን ማውጣት አትችሉም። እኔ ይህን ቸል ብዬ አንድ ሙሉ መደብ እንደ አዲስ ለመቆፈር ተገድጃለሁ።

አተካከል

ጊዜው ሁለት ነው፦ ቅዝቃዜው ሲለቅና መሬቱ ሲሞቅ፣ ወይም ቅዝቃዜው ከመግባቱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ። ውርጭ በሌለበት አገር ዝናብ ሲጀምር መትከል ይሻላል። በድርቅና በጠራራ ወቅት ግን አትትከሉ። ይኖራል፤ ግን ውሃ ስታመላልሱ ትከርማላችሁ።

ችግኙን ከነማስቀመጫው ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። ሥሩ ራቁቱን የመጣ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል ነክሩት። ጉድጓዱን ስፋቱን የሥሩን እጥፍ፣ ጥልቀቱን ልክ ሥሩን ያህል አድርጉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቡቃያው የሚወጣበት አንገት ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጠልቆ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ሥሩ ይደርቃል።

ሥሩ ማስቀመጫው ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ካገኛችሁት በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት። ጥቂት ሥር ቢበጠስ አትዘኑ። ካልተፈታ እዚያው እየዞረ ዓመት ሙሉ ወደ አፈሩ ላይገባ ይችላል። ከዚያ ጉድጓዱን በወጣው አፈር ሙሉት፣ በእጃችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ በደንብ አጠጡት። ጉድጓዱ ውስጥ ማዳበሪያ አትጨምሩ።

ርቀቱን በተክሉ ስፋት ለኩ። ለትንንሾቹ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እንደ ማክሮራይዘም መሬት ለሚሸፍኑት ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር። ለሮዛንና ለትልልቆቹ ከ60 በላይ። መጀመሪያ ላይ መሬቱ ባዶ መስሎ ዓይን ያስቸግራል። ታገሱ፤ በሁለተኛው ዓመት ይገጥማሉ። ባዶው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የቅጠል ብስባሽ ወይም የተፈጨ ቅርፊት ጎዝጉዙ። ጉዝጓዙ ግን አንገቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ።

የመጀመሪያው ዓመት ውሃና ምግብ

የመጀመሪያው ዓመት የሥር ዓመት ነው። አበባው ትንሽ ቢሆን አይክፋችሁ። ዝናብ ከሌለ በሳምንት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ላዩን ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ሥሩ ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት አያገኝም። ውሃውን ከሥሩ ላይ አፍስሱ እንጂ ቅጠሉ ላይ አትርጩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አብዛኞቹ ከረጅም ድርቅ በስተቀር ራሳቸውን ይችላሉ። እርጥበት የሚወዱት እነ ፕራቴንሴ ግን ያኔም ያስታውሷችኋል፦ ቀትር ላይ ጠውልገው ማታ ካልተነሱ ጠምቷቸዋል ማለት ነው።

ማዳበሪያ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። አንድ ዓመት ለአንዱ መደቤ ብዙ ፍግ ሰጠሁት። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ጉልበቴ ደረሰ። ከዚያ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደቀ፤ አበባውም በጣት የሚቆጠር ነበር። አጠገቡ ምንም ያልሰጠሁት ቆሞ ያብባል። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ ይሠራል። በዓመት አንዴ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል፣ ስስ የኮምፖስት ሽፋን ዙሪያውን ማድረግ ይበቃል።

መቀሱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቹ ጄራኒየሞች ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት ደምቀው ያብባሉ። ከዚያ መሃላቸው ይከፈታል፣ ግንዶቹ ወደ ጎን ይተኛሉ፣ ቅጠሉ ይገረጣል ወይም ነጠብጣብ ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ታመመ ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል። አልታመመም። ሥራውን ጨርሶ ዘር እያዘጋጀ ነው።

ያኔ ሙሉውን እጨዱት። አዎ፣ ቅጠሉንም ጭምር። ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቅር። መጀመሪያ ሳደርገው እጄ ተንቀጥቅጧል፤ የገደልኩት ነው የመሰለኝ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩ አካባቢ ብትመለከቱ ግን ትንንሽ አዳዲስ ቡቃያዎች ብቅ ብለው ብርሃን ሲጠብቁ ታያላችሁ። ካጨዳችሁ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት፣ ከፈለጋችሁም ስስ ኮምፖስት ጨምሩ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ንጹሕ ትኩስ ቅጠል ያለው ክብ ጉብታ ይሆናል። ብዙዎቹ ለሁለተኛ ጊዜም ያብባሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለል ይላል።

ይህ አጨዳ ለፕራቴንሴ፣ ለሲልቫቲከም፣ ለፌየም፣ ለሂማላየንሴ፣ ለኦክሶኒያነም ድቅሎችና ጆንሰንስ ብሉ ለተባለው በጣም ይሠራል። ፕራቴንሴንና ፌየምን ዘር ከመወርወራቸው በፊት ማጨድ ሌላም ጥቅም አለው፦ በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ላይ፣ የጽጌረዳው ሥር፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የማትፈልጉት ችግኝ አይሞላም። የምትፈልጉት ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ግንድ ለዘር ተዉ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይታጨድም። ማክሮራይዘምና ከእሱ የተወለደው ካንታብሪጂየንሴ ቅጠላቸው አያረጅም፤ የረገፈውን የአበባ ግንድ ብቻ ሰብስቡላቸው። ሳንግዊኒየም ላዩን ቀለል አድርጎ መከርከም ይበቃዋል። ትንንሾቹ የተራራ ዓይነቶች ረናርዲና ሲኔሬየም ከባድ አጨዳ ይጎዳቸዋል። ሮዛን ሳይታጨድም ማበቡን ይቀጥላል። ግን በመሃል ተዝረክርኮ ጎረቤቱን ከሸፈነ ግማሹን ቁረጡት፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ያብባል። ብዙ ተክል ካላችሁ ደግሞ ግማሾቹን ዛሬ፣ ግማሾቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ እጨዱ። ግቢው ባዶ አይሆንም።

ሲያጭዱ ጓንት ማድረግ ጥሩ ነው። የአንዳንዱ ቅጠል ፀጉር ስስ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል።

የብርድ ወራት

ብዙዎቹ ውርጭ ሲጥል ከላይ ይደርቃሉ። ይህ ሞት አይደለም፤ ሥሩ ተኝቷል። የደረቀውን ያኔውኑ ማጽዳት ወይም ቡቃያ እስኪወጣ መተው ትችላላችሁ። እኔ እተወዋለሁ፤ ደረቁ ቅጠል አንገቱን ከብርድ ይከላከላል፣ ለጠቃሚ ነፍሳትም መጠለያ ነው። ቅጠሉ ላይ በሽታ ከነበረ ግን ሳታሳድሩ አጽዱት፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጨምሩት።

ቦታቸውን ምልክት አድርጉበት። ምልክት ሳያደርጉ ቀርተው ቅዝቃዜው ሲለቅ «እዚህ ምንም የለም» ብለው የሚቆፍሩ ብዙ ናቸው። ጥቂቶቹ ዘግይተው ይነሳሉ፤ ሮዛንም ከእነሱ አንዱ ነው።

መከፋፈልና ማባዛት

በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት መካከል ብዙዎቹ መሃላቸው ባዶ ይሆናል፤ አበባው ዳር ዳሩን ብቻ ይቀራል። ያኔ መከፋፈል ያስፈልጋል። ጊዜው ልክ እንደ ተከላው ነው፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ወይም ቅዝቃዜ ከመግባቱ በፊት።

ከተክሉ ዳር 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ቁፈሩና ሙሉውን አንሱት። አፈሩን አራግፉ። በእጅ የሚለያይ ከሆነ በእጅ፣ ካልሆነ በስለታም ቢላዋ ወይም በአካፋ ክፈሉት። እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቡቃያና ጥሩ ሥር ይኑረው። ያረጀውንና እንጨት የሆነውን መሃል ጣሉት፤ ወጣቱ ጉልበት ያለው ዳሩ ላይ ነው። ሥሩ ሳይደርቅ ቶሎ ትከሉና አጠጡ።

ማክሮራይዘም ከዚህም ይቀላል። ከተሳበው ግንድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ገንጥላችሁ፣ ጫፉ ላይ ቅጠል እንዳለ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። እርጥበት ካላጣ በራሱ ሥር ይሰዳል። ለጎረቤት ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ተክል አላውቅም።

ሮዛን ግን ለየት ይላል። ከአንድ አንገት ይነሳል እንጂ በመሬት አይሳብም፤ ስትከፍሉት ልታጡት ትችላላችሁ። ቡቃያው ገና ሲወጣ ከአንገቱ ጥቂት ነጭ ሥር ይዞ የሚነሳውን ለስለስ ያለ ቡቃያ ወስዶ ማባዛት ይቻላል። ቁራጩን እርጥብና ቀላል አፈር ውስጥ አድርጉት፣ ከፀሐይ ከልሉት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥር ይዞ ታገኙታላችሁ።

ከዘር ማብቀል ለንጹሕ ዝርያዎች ይሆናል፤ ድቅሎች ግን እናታቸውን አይመስሉም። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው። በስስ የአሸዋ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፋቁት፣ ሌሊቱን ንከሩት፣ ስስ አፈር አልብሱት። አንዳንዱ ቅዝቃዜ ካላገኘ አይነቃም፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ ለአንድ ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። አንዱ በሁለት ሳምንት ይበቅላል፣ ሌላው ወራት ይወስዳል። ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አፈሩን አትድፉ።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጄራኒየም ታማሚ አይደለም። ጥንቸልና አጋዘን የመሳሰሉት እንኳ ብዙም አይነኩትም።

በብዛት የምታዩት ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። ፈንገስ ነው። የሚመጣው ሥሩ ሲጠማና ተክሎቹ ተጨናንቀው አየር ሲያጡ ነው። ፕራቴንሴ ይበልጥ ይጠቃል። መድኃኒት ከመፈለግ መቀስና ውሃ ይቀድማል፦ እጨዱት፣ ሥሩን አጠጡት፣ ትኩሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከቅጠሉ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ዋግ ነው፤ የተነካውን ቅጠል ልቀሙና አርቃችሁ ጣሉ።

ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት። ትንሽ አረንጓዴ አባጨጓሬ የመሰለ እጭ ታገኙ ይሆናል። በእጅ መልቀም ይበቃል። ገጽታውን ያበላሻል እንጂ ተክሉን አይገድለውም።

ማስቀመጫ ውስጥ የተከላችሁ ከሆነ የሚያሰጋው ሌላ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ሌሊት እየተበላ ከሆነ፣ ከዚያም ተክሉ ውሃ እያለው በድንገት ከጠወለገ፣ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ራሱ ቡናማ የሆነ ነጭ ጥምዝ እጭ ካለ የነቀዝ ልጅ ነው፤ ሥሩን በልቶታል። አፈሩን ሙሉ በሙሉ አራግፉ፣ ሥሩን እጠቡ፣ በአዲስ አፈር መልሳችሁ ትከሉት።

ቅጠሉ ተጨማዶ ቢጫ መስመር ካወጣና ካጨዳችሁት በኋላም እንደዚያው ሆኖ ከመጣ ግን ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ አስወግዱት፣ የቆረጣችሁበትን መቀስም በአልኮል ጥረጉ።

ከማን ጋር ይስማማል?

ጽጌረዳ ሥር በጣም ያምራል። የጽጌረዳ እግር ባዶና እሾሃም ነው፤ ጄራኒየም ያንን ይሸፍነዋል፣ አረምም ይከለክላል። ልብ በሉ ግን፣ ጽጌረዳው ላይ የምትረጩት ነገር ጄራኒየሙ ላይ ያሉትን ንቦች ያገኛቸዋል።

ሌላው ጥሩ ጓደኛው ከሥር ኮረት (እንደ ሽንኩርት ካለ የመሬት ውስጥ ራስ) የሚወጣ አበባ ነው፤ እንደ ቱሊፕና ናርሲስ ያለ። እነሱ ጄራኒየም ገና ቅጠል ሲያወጣ ያብባሉ። አበባቸው አልፎ ቅጠላቸው ሲገረጣ መቁረጥ የለበትም፤ ኮረቱን ለቀጣዩ ዓመት የሚቀልበው ያ ቅጠል ነው። የጄራኒየሙ ቅጠል ልክ በዚያ ሰዓት ይነሳና ይሸፍነዋል። ጄራኒየሙን የምትተክሉት ቅዝቃዜ ከመግባቱ በፊት ከሆነ ኮረቱን በዚያው ዕለት አብራችሁ መሃል መሃሉ ላይ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቃችሁ ቅበሩት። በኋላ ጄራኒየሙን ለመከፋፈል ስትቆፍሩ አካፋው ኮረቱን እንዳይቆርጠው፣ የተቀበረበትን ቦታ በትንሽ ጠጠር ምልክት አድርጉበት።